የምርት ማሸጊያን በኮምፒውተር መንደፍ፦ የተቆላ ቡና ከረጢት እንደ ማሳያ

የማሸጊያ ዲዛይን አንድ ምርት የሚታሸግበትን ካርቶን ወይም ከረጢት ቅርጹን፣ ጽሑፉንና ሥዕሉን በኮምፒውተር አዘጋጅቶ ለማተሚያ ቤት እስከማስረከብ ያለውን ሥራ ያጠቃልላል። ሥራው በሁለት ዓይነት ሶፍትዌሮች ይከናወናል። እንደ አዶቤ ኢለስትሬተርና ኮረልድሮው ያሉት መስመርንና ፊደልን በሒሳብ ቀመር ስለሚይዙ ንድፉ ቢተልቅም ቢያንስም ጥራቱን አያጣም፤ እንደ ብሌንደርና ኪሾት ያሉት የሬንደር ሶፍትዌሮች ደግሞ ገና ያልተመረተውን እሽግ ፎቶ የተነሣ አስመስለው ያሳያሉ። ኢለስትሬተር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ ብሌንደር እ.ኤ.አ. በ2002 ምንጭ ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ወዲህ ማንም ያለ ክፍያ ይጠቀምበታል።

አሠራሩን ለመረዳት የተቆላ ቡና ከረጢትን መመልከት ይጠቅማል። ንድፉ የሚጀምረው ከረጢቱ ተዘርግቶ ሲታይ ካለው ቅርጽ ነው፤ ይህ መነሻ ሥዕል በሙያው ዳይላይን ይባላል። የፊትና የጀርባ ገጽ፣ የጎን እጥፋትና በሙቀት የሚታሸገው ጠርዝ ሁሉ በየመስመሩ ይለያሉ። ቡና ከተቆላ በኋላ ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ ከረጢቱ አየር ወደ ውጭ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይኖረዋል፤ ቫልቩ የሚያርፍበት ቦታ በዳይላይኑ ላይ ካልተመለከተ የምርቱ ስም መሀል ላይ ሊገኝ ይችላል። የምርትና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የሚታተምበት ቦታም የማተሚያው ቀለም እንዲይዝ ያለ ቫርኒሽ (ኅትመቱን ከሚሸፍነው አንጸባራቂ ቅብ) መተው አለበት። ቀኑ በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ጎኑ ላይ መጻፍ ይኖርበታል፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ለሸማቹ ቀላል ነገር አይደለም።

የአማርኛ ጽሑፍ የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው፣ በላቲን ጽሑፍ በትልልቅ ፊደላት የሚገኘው ጉልህነት በአማርኛ ከውፍረት፣ ከመጠንና ከክፍተት መገኘት አለበት። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው በቀኝ እግሩ ላይ ያለችው ጭረት ከመሀል ወይም ከታች መሆኗ ብቻ ነው፤ ፊደሉ ሲያንስና ቀለሙ ትንሽ ሲስፋፋ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ የይዘት ዝርዝሩን የመሰለ ደቃቅ ጽሑፍ በአራት ቀለም ድርርብ ሳይሆን በጥቁር ብቻ ማሳተም ይመረጣል፤ ቀለሞቹ በፀጉር ስፋት እንኳ ቢዛነፉ ጭረቷ ትጠፋለችና። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ወጥ ቁጥር ወደሚያገኙበት ሥርዓት) ከመግባቱ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ደግሞ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ሆኖ ይታያል። ፋይሉን ከማስረከብ በፊት ፊደሉን ወደ ቅርጽ መለወጥ ይህን ያስቀራል፤ ከዚያ በኋላ ግን የፊደል ግድፈት ማረም ስለማይቻል ሊታረም የሚችለውን ቅጂ ለብቻው ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በሬንደር ደረጃ የተዘረጋው ንድፍ በሦስት አውታር ሞዴል ላይ ይለበሳል። ሶፍትዌሩ የብርሃን ጨረሮች ከገጽ ገጽ እየነጠሩ የሚሄዱበትን መንገድ ያሰላል፤ የፎይሉ ብልጭታ፣ የእጥፋቱ ጥላና የከረጢቱ መነፋት የሚታዩት በዚህ ስሌት ነው። ደንበኛው ገና አንድ ብር ለኅትመት ሳያወጣ ሦስት አማራጮችን ጎን ለጎን አይቶ መምረጡ ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ምስሉ በስክሪን ብርሃን የተሠራ እንደ መሆኑ የኅትመት ቀለም የማይደርስበትን ድምቀት ሊያሳይ ይችላል። ከረጢቱ ከብርማ ፊልም (ብር ከሚመስል ስስ ሽፋን) ሲሠራ ከቀለሙ ሥር ነጭ መደብ እንዲታተም ካልታዘዘ፣ በስክሪን ላይ የደመቀው ቢጫ ደብዝዞና ብረት መስሎ ይወጣል፤ ነጩን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ቀለም በፋይሉ ውስጥ ለይቶ ማስቀመጥ የዲዛይነሩ ኃላፊነት ነው።

ባርኮዱም እንደ ጌጥ ሊታይ አይገባም። ኢኤኤን 13 የተባለው ባርኮድ መደበኛ ስፋቱ በግራና በቀኝ ያለውን ባዶ ቦታ ጨምሮ 37.29 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከዚህ 80 በመቶ በታች ማሳነስ አይፈቀድም። አብዛኞቹ የሱቅ ማንበቢያዎች ቀይ ብርሃን ስለሚጠቀሙ፣ ከቀይ ከረጢት ጋር እንዲስማማ ተብሎ በቀይ የታተመ መስመር ለማሽኑ ከነጩ አይለይም።

ሬንደሩ ምንም ያህል ቢያምር፣ ዳይላይኑን በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት አትሞ፣ ቆርጦና አጣጥፎ ቡና መሙላት አሁንም የሚተካው የለም። ተዘርግቶ መሀል ላይ የነበረው ስም ከረጢቱ ሲሞላ ወደ ላይ መሸሹና የጽሑፉ የመጨረሻ ፊደል ወደ ጎን እጥፋቱ መግባቱ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።