ሬስቶሞድ ምንድን ነው? የአሮጊቷ ቮልስ ሁለተኛ ዕድሜ

«ይህችን ሽጠህ ደህና መኪና ብትገዛ አይሻልም?» የሚለውን ጥያቄ ያልሰማ የአሮጌ መኪና ባለቤት ያለ አይመስለኝም። እኔ አባቴ በሰጡኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በተሠራች ቮልስዋገን ቢትል፣ ሁላችን «ቮልስ» በምንላት መኪና የተነሣ ዓመታት ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። ጠያቂዎቹ በክፋት አልነበረም። መብራቷ ደብዛዛ፣ ዳገት ላይ አዝጋሚ፣ ቁልቁለት ላይ አስፈሪ ነበረች። መልሱም ከሁለት አንዱ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ወይ መሸጥ፣ ወይ እንዳለች ችሎ መኖር። ሦስተኛ መንገድ እንዳለ፣ ያም መንገድ ስም እንዳለው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሬስቶሞድ ይባላል።

ቃሉ ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጦ የተቀጠለ ነው፤ «ሬስቶሬሽን» ማደስ፣ «ሞዲፊኬሽን» ማሻሻል። ሬስቶሞድ ማለት የአሮጌ መኪናን ቅርጽና መልክ እንደነበረ ጠብቆ፣ ከቆርቆሮው ሥር ያለውን ግን በኋላ ዘመን በተሠራ ዕቃ መተካት ነው። ከጎኑ ከሚቆሙ ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። እድሳት መኪናዋን ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን ወደነበረችበት መመለስ ነው፤ የቡሎኑ ቀለም ሳይቀር የጥንቱ እንዲሆን የሚፈልጉ አሉ። ማስጌጥ ደግሞ ሰፊ ቸርኬ፣ የመቀመጫ ልብስ፣ ባለ ቀለም መብራት መጨመር ነው፤ መኪናዋ ከውስጥ ያው የነበረችው ናት። ሬስቶሞድ የሚነካው ዐይን የማያየውን ነው።

በዓለም ስሙን ካገነኑት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ሲንገር የሚባለው ድርጅት ነው። የፖርሽ 911 መኪኖችን እስከ አጥንታቸው ፈትቶ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የሚጠይቀው ገንዘብ የባለጸጋ ነው። ሐሳቡ ግን የባለጸጋ ብቻ አይደለም፤ በቮልስ ሲሆን በጣም ይቀርበናል።

ቮልስን አዲስ አበባ ጠንቅቃ ታውቃታለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ይህ ቁጥር ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ያን ያህል የተመረተ መኪና መለዋወጫው በቀላሉ አይጠፋም፤ የኋላ ዘመኑ ዕቃ በፊተኛው ላይ የሚገጠምበት መንገድም ብዙ ነው። ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ያልተገኘው ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይመጣል።

አዲስ ለምን አይገዛም ለሚለው ዋጋው ራሱ ይመልሳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ ከ400 በመቶ የሚያልፍ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አሳወቀ። በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና ደኅንነቷን ጠብቆ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ የሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ ከምን ይጀመራል? እዚህ ላይ የጸና አቋም አለኝ፤ አቋሙንም ያገኘሁት በእንጦጦ ቁልቁለት ነው።

እኔ የጀመርኩት ከሞተር ነበር። አንድ ጋራዥ የ1200 ሲሲውን ሞተር አውርዶ ከኋለኛ ዘመን ቮልስ የተፈታ 1600 ሲሲ ገጠመልኝ። ሥራው ራሱ ቀላል አልነበረም፤ የአዲሱ ሞተር ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ክብ ከባድ ብረት) ከጥንቱ ስለሚሰፋ የካምቢዮው ቤት ከውስጥ በኩል ተፍቆ ቦታ ሊለቀቅለት ይገባል። ፍሬኑን ማንም አላነሣውም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከሳምንት በኋላ ቤተሰቤን ጭኜ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ፣ ከአንዱ መታጠፊያ በታች ፍሬኑን ረገጥሁና ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። መኪናዋን ያቆምኋት በእጅ ፍሬን፣ በአንደኛ ማርሽና በመንገዱ ዳር በነበረ የአፈር ቁልል ነው። ማንም አልተጎዳም። የልጄ ጩኸት ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

የሆነው ነገር ምሥጢር የለውም። የዚያ ዘመን ቮልስ በአራቱም ጎማ ያለው ፍሬን የከበሮ ፍሬን ነው፤ የፍሬን ሸራው ከዝግ ከበሮ ውስጥ ሆኖ ግድግዳውን እየገፋ ያቆማል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲረገጥ የሚፈጠረው ሙቀት መውጫ ስለሌለው እዚያው ይታመቃል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት የሚጠጣ ፈሳሽ ነው። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። የእኔ መኪና ዘይት ስንት ዓመት እንደቆየ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ነበረበት።

ሌላም አደጋ አለ። በእነዚያ ዓመታት የተሠሩ ቮልሶች ዋናው የፍሬን ፓምፕ ባለ አንድ መስመር ነው። በአንዱ ጎማ ያለች ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ። በኋላ የመጡት ባለ ሁለት መስመር ናቸው፤ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይቀራል። ስለዚህ የሬስቶሞድ የመጀመሪያው ሥራ፣ ከማንኛውም ነገር በፊት፣ ባለ ሁለት መስመር ፓምፕ፣ አዳዲስ ቱቦዎችና ከፊት ለፊት ዲስክ ፍሬን ነው። ዲስክ በአየር መካከል የሚዞር ገላጣ ሳህን ስለሆነ ሙቀቱን ለነፋስ ይሰጣል። የኋላው ከበሮ ሊቆይ ይችላል። ዕቃውን ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ የጎማችሁን ቡሎኖች ቁጠሩ። የጥንቷ ቮልስ ባለ አምስት ቡሎን ናት፤ ቡሎኖቹ የሚሠሩት ክብ ስፋቱ 205 ሚሊ ሜትር ነው። የኋለኛዋ ባለ አራት ሲሆን ክቡ 130 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ለሌላው አይገጥምም፤ ዘመድ በሻንጣ ተሸክሞት የመጣውን ብረት መመለስ ደግሞ አይቻልም።

ከፍሬን ቀጥሎ ዝገት ነው። በቮልስ ባትሪው የሚቀመጠው በኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ ከእርሱ የሚያመልጠው አሲድ ወለሉን ይበላል። በበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ባዶ ብረት ደግሞ ሙቀት ማስተላለፊያ ብቻ ሳይሆን የመኪናዋ የጎድን አጥንት ነው። እርሱ ከበሰበሰ የሚያምር ቀለም ምንም አይረባም። የመኪና ቆርቆሮ የሚጠግነው ባትላሜራ ቤት ስቱኮ (የሚደርቅ መሙያ ሊጥ) ለጥፎ ቀለም ከቀባ በኋላ ጉዳቱ አይታይም። ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ስቱኮ ላይ ይወድቃል። የበሰበሰው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። ይህ ውድና አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሲያልቅም ለጎረቤት የምታሳዩት ነገር የለም።

ኤሌክትሪኩ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ባለ 6 ቮልቱን ወደ 12 መለወጥ። አምፖሉ፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ፣ ዲናሞው፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ይቀየራሉ። የጥንቱ ሽቦ ወፍራም ስለሆነ ልባሱ ካልደረቀና ካልተሰነጠቀ ሊያገለግል ይችላል፤ ቮልቱ በእጥፍ ሲያድግ ለዚያው ጉልበት የሚያልፈው ከረንት በግማሽ ይቀንሳልና። ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ውስጥ ያሉት፣ በየጊዜው የሚከፈቱና የሚዘጉ ሁለት ትንንሽ ብረቶችም በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ሊተኩ ይችላሉ። ክዳኑ ሲገጠም ከውጭ ምንም የተለወጠ አይመስልም። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወዳት ይህችን ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ሞተር የሚታሰበው። እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ነገር አላት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምንኖር የአየሩ ግፊት በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በሚስበው አየር መጠን ነውና 34 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈለት የ1200 ሲሲ ሞተር እዚህ የሚሰጠው 26 ገደማ ብቻ ነው። በተጨማሪ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ለባሕር ዳርቻ ከተሞች የተለካ ስለሆነ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ማውጫው ይሸታል። ትልቅ ሞተር ከመግዛት በፊት በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ቤንዚን ማስተላለፊያ ቀዳዳ ባነሰች መቀየር ይቻላል። የጠፋውን ጉልበት ሁሉ አትመልስም፤ የባከነውን ቤንዚን ግን ትመልሳለች። ይህን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሞተሩን ለመለወጥ ያን ያህል አልቸኩልም ነበር።

የመጨረሻው እርምጃ ሞተሩን አውጥቶ በኤሌክትሪክ መተካት ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ የአዲስ አበባ ከፍታ አይነካውም፤ የአገራችን ኃይልም በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ኢክላሲክስ ከሚባል የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ አሮጌ ቮልስን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ አሳይቷል፤ 60 ኪሎ ዋት ሞተር፣ 36.8 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ አንዴ ሲሞላ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሁሉም ሰው የሚያነሣው ይህን ርቀት ነው። እኔ የምመለከተው ሌላ ቁጥር ነው፦ ክብደቷ 1,280 ኪሎ ግራም። የጥንቷ ቮልስ ግን ከ800 ኪሎ ግራም እምብዛም አታልፍም። በመኪናዋ ላይ ስድስት ያህል ሰው ለሁልጊዜ እንደ መጫን ነው። በከበሮ ፍሬንና በጥንቱ አሞርቲዘር ላይ ይህን ክብደት አሳፍሮ ከእንጦጦ የሚወርድ ሰው እንዳይኖር እመኛለሁ። የባትሪው ኤሌክትሪክም የሚገድል ስለሆነ የቤት መብራት የሚዘረጋ ባለሙያ ሁሉ የሚነካው ሥራ አይደለም።

አንድ ነገር ከሥራው በፊት ጠይቁ። ሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ሞተር ስትለውጡ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ይህ ካልተመዘገበ በዓመታዊ ምርመራና በሽያጭ ጊዜ ችግር ይሆናል። የሞተሩን የግዥ ደረሰኝ ያዙ፤ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት አስቀድማችሁ አስታውቁ።

የምትፈቱትንም አትጣሉ፣ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢም አትስጡ። የተሻለ የምለው ሬስቶሞድ በቡሎን የገባ፣ በቡሎን የሚወጣ ነው። ቆርቆሮ የቆረጠ ለውጥ አይመለስም፤ ጥቂት ብቻ የቀረ ዓይነት መኪና ከሆነ ደግሞ ባይነካ ይመረጣል። የእኔዎቹ የፊት ከበሮዎች፣ ባለ 6 ቮልቱ ዲናሞና የ1200 ሲሲው ሞተር ዘይት ተቀብተው፣ በጆንያ ተጠቅልለው አባቴ ቤት ተቀምጠዋል። አባቴ ክረምት ሊገባ ሲል ጆንያውን ገልጠው ዝገት አለመጀመሩን ያያሉ።