ከአፍ እስከ ገደፍ የሞላ ጀሪካን

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ደንበኛ ሃርድቶፑን ይዞ ፍሬን ላሳይ ብሎ መጣ። በማግስቱ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ሊወርድ ነው። የኋላውን በር ስከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ። አራት ቢጫ የዘይት ጀሪካን ከፍራሽና ከስንቅ ጋር ተደርድሯል። ሦስቱ ናፍጣ፣ አንዱ ለጄኔሬተር የሚሆን ቤንዚን። ክዳናቸው ሥር ፌስታል ተወትፏል። ሁሉም ከአፍ እስከ ገደፋቸው ጢም ብለዋል።

"ለምን እንዲህ ሞላኸው?" አልኩት።

"ጋሼ፣ አየር ከሌለው አይፈነዳም እኮ!"

ደሴ ውስጥ መኪና ስጠግን ሃያ ዓመት አልፎኛል። ይህችን አባባል ያልሰማሁበት ወር የለም። ሹፌሩ ይላታል፣ ረዳቱ ይላታል፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰውዬም ቡና ላይ ይላታል። እኔም መልሱን ደጋግሜ ደከመኝ። አሁን ጽፌ ልገላገል።

መጀመሪያ ግን ከሷ የምትቀድም አንዲት ስህተት አለች። "ትርፍ ነዳጅ ሳይጭኑ አገር አይወጣም" የምትለው። የዚያ ሰውዬ መኪና ረጅሙ ባለ ሁለት ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ሃርድቶፕ ነው። እያንዳንዱ 90 ሊትር ይይዛል፣ ድምሩ 180 ሊትር። ከደሴ ሚሌ ደርሶ መልስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአስፋልት ወጥቶ ሌላ 200 ኪሎ ሜትር በአሸዋ ቢንከራተትና መኪናው በመቶ ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ቢጠጣ እንኳ 100 ሊትር ይበቃዋል። 80 ሊትር ይተርፈዋል። ታዲያ አራቱ ጀሪካን ለማን ነው? ማደያ ላይ ነዳጅ የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ፣ እኔም ተሰልፌ አድሬ አውቃለሁ። ቢሆንም መጀመሪያ ወረቀት አውጥታችሁ አስሉ። ከሁሉም ያነሰ አደጋ ያለው ጀሪካን ያልተጫነው ነው።

ወደ አፍና ገደፉ ልመለስ።

ነገሩ ትንሽ እውነት አለው፤ ለዚህ ነው የማይሞተው። የሚቃጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ተኑ ነው፣ ተኑም አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ሰው "አየሩን ካስወጣሁት ጨረስኩ" ይላል። ግን በተዘጋ የቤንዚን ጀሪካን ውስጥ ያለው ተን አብዛኛውን ጊዜ ለመቃጠል ከሚገባው በላይ የወፈረ ነው። አደጋው ከውስጥ አይነሳም። ወደ ውጭ ሲያፈስ ነው ጉዱ። የሚያስፈስሰው ደግሞ ሞልቶ መሙላት ነው።

እንዴት? ነዳጅ ሲሞቅ ይሰፋል። ደሴ ላይ ማለዳ በ10 ዲግሪ የቀዳኸው ነዳጅ ሚሌ ቀትር ላይ 40 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ የ30 ዲግሪ ልዩነት 20 ሊትር ቤንዚን በግማሽ ሊትር ገደማ ይጨምራል። ናፍጣም ብዙም አይተናነስም። ያ ግማሽ ሊትር የት ይግባ? አየር ይጨመቃል፣ ፈሳሽ ግን አይጨመቅም። ወይ ጀሪካኑን ያሳብጠዋል፣ ወይ በክዳኑ በኩል ይወጣል። ፌስታሏ አታቆመውም። ቤንዚን ፌስታልን ምን እንደሚያደርገው ያየ ያውቃል።

ዳገቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ወሎ ሜዳ አገር አይደለም። ሚሌ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ከታች ዘግተህ ወደ ላይ ስትወጣ ከውጭ የሚጫነው አየር ይቀላል፣ ውስጥ የታፈነው ግን ያው ነው። በዚህ የከፍታ ልዩነት ብቻ በአንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሰፊ ጎን ላይ ከሦስት ኩንታል በላይ ግፊት ሊያርፍ ይችላል። ካላመንክ ባዶ ሃይላንድ ደሴ ላይ ጥብቅ አድርገህ ዝጋና ወደ ባቲ ውረድ። እንደ ተጨማደደ ኮሽም ሆኖ ታገኘዋለህ። መልሰህ ስትወጣ ይነፋል። ጀሪካንህም እንደዚያው ነው፣ ልዩነቱ ውስጡ ቤንዚን መኖሩ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። በረዳትነት ዘመኔ ከሚሌ ስንመለስ ኮምቦልቻ ላይ ቆምን። አለቃዬ "ቤንዚኑን አውርድና ቅዳ" አለኝ። ጀሪካኑ ሆዱ ተነፍቷል። እኔ ቸኩያለሁ። ሞተሩ እየሠራ፣ ክዳኑን በአንድ ትንፋሽ ፈታሁት። ቤንዚኑ ደረቴን አለበሰኝ። ሸሚዜን አውልቄ እስክጥል ቆዳዬ ነደደ፣ ሁለት ቀን ቀልቶ ከረመ። ከአጠገቤ ሲጋራ የያዘ ሰው አለመኖሩ የእናቴ ጸሎት ነው እላለሁ።

ስለዚህ፦ ያበጠ ጀሪካን ሲገጥማችሁ ሞተር አጥፉ። ጥላ ላይ አስቀምጡትና ይቀዝቅዝ። ክዳኑን በጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ፊታችሁን ዘወር አድርጋችሁ፣ በጥቂት በጥቂቱ ፍቱ። "ፍስስ" ሲል ቁሙ። ሲጨርስ ቀጥሉ።

ስንት ይሞላ? ለ20 ሊትር ጀሪካን 19 ሊትር። የቀረው ለአየር ነው። የድሮውን የብረት ጀሪካን የሠሩት ጀርመኖች ይህን ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ለጦር ሠራዊታቸው ሲያዘጋጁት ከመያዣዎቹ ሥር ጉብ ያለ የአየር ቦታ ተዉለት። ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲሞላ እዚያ አየር ይቀራል። ስሙም ከዚያ ነው የመጣው፤ እንግሊዞች ጀርመንን "ጄሪ" ይሉ ነበርና። የኛ ረዳቶች ግን ጎበዞች ናቸው። ጀሪካኑን ዘንበል ያደርጉና ያችን የአየር ቦታ ጭምር ይሞሏታል! ሰውዬው አስቦ የተወውን ባዶ ቦታ እነሱ እንደ ጉድለት ያዩታል።

ስለ ቢጫው የዘይት ጀሪካን ብዙ አልልም። ለዘይት ነው የተሠራው። ክዳኑ ግፊት አይችልም፣ ፕላስቲኩ ስስ ነው፣ ቤንዚን ቀስ እያለ በገላው በኩል ያልፋል። ውሃ ቅዱበት።

ሌሎች አባባሎችም አሉ። "ናፍጣ ክብሪት ቢጥሉበት ይጠፋል፣ አይቀጣጠልም።" ቀዝቃዛ ሆኖ በባልዲ ሲቀመጥ፣ አዎ፣ ክብሪት ላያስነሳው ይችላል። ናፍጣ የሚቀጣጠል ተን ለመስጠት ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት፣ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪም ላይ ተን ይሰጣል። እዚህ ድረስ ልክ ናችሁ። ግን የጋለ ነገር ላይ ሲፈስ ታሪኩ ይገለበጣል። ናፍጣ ያለ ክብሪት፣ በሙቀት ብቻ በ210 ዲግሪ አካባቢ ሊነድ ይችላል፤ ቤንዚን እንኳ ከዚያ በላይ ነው የሚፈልገው። የሐረጎን ዳገት ጭነት ይዞ የወጣ መኪና ጭስ ማውጫው ከሞተር በሚወጣበት በኩል ምን ያህል እንደሚግል እጁን ያስጠጋ ያውቃል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ትናንት ቤንዚን በነበረበት ጀሪካን ዛሬ ናፍጣ ብትቀዱ፣ ናፍጣው ሲገባ ውስጡ የሚጠብቀው ተን የቤንዚን ነው። እኔ ጀሪካኖቼ ላይ በቀለም "ቤ" እና "ና" ብዬ ጽፌያለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል።

"መስኮት ከተከፈተ ውስጥ መጫን ችግር የለውም።" የቤንዚን ተን ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል። ወደ መስኮት አይወጣም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። እናንተ ራስ ምታቱን "የመንገድ ድካም ነው" ትላላችሁ።

"እሺ፣ ፖርቶመጋላ ላይ ይጫን።" ይህኛው ግማሽ ትክክል ነው። ከሰው ይርቃል፣ አየር ያገኛል። ግን ክብደቱን አስቡት። አንድ የብረት ጀሪካን ናፍጣ ሲሞላ 20 ኪሎ ያልፋል። አራቱ ከ80 ኪሎ በላይ ናቸው፤ አንድ ትልቅ ሰው ጣራ ላይ አስቀምጦ የደላንታን ጠመዝማዛ እንደ መንዳት ነው። መኪናው ሲያጋድል ያ ሰውዬ አብሮ ያጋድላል። ጣራ ላይ ከሁለት በላይ አትጫኑ፣ መሐል ላይ አድርጉት፣ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ በገመድ ሳይሆን በቀበቶ ይታሰር። ፒካፕ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፦ ከጋቢናው ጀርባ፣ ከኋላ እግሩ ፊት፣ ከጭስ ማውጫው ወዲያ በኩል። ጀሪካን የኋላ መከላከያ ላይ የምታንጠለጥሉ ደግሞ ከኋላ የሚመጣው አይሱዙ ፍሬኑ መልካም እንዲሆን ጸልዩ።

"ሲቀዳ ስልክ ከጠፋ በቃ።" ስልክ ማጥፋቱ አይጎዳም። ማደያው አጥፉ ካለ አጥፉ። ግን እሳት ሊያስነሳ የሚችለው ሌላ ነው፤ ሁላችሁም የምታውቁት፣ ሹራብ ስታወልቁ ጨለማ ውስጥ ጠሽ ጠሽ የሚለው ነገር። ነዳጅ በቱቦ ሲፈስ ያንኑ ይፈጥራል። ጀሪካኑ ፕላስቲክ በተነጠፈበት ፒካፕ ላይ ወይም ጣራ ላይ ሆኖ ሲቀዳ መሄጃ ያጣና ይጠራቀማል። መድኃኒቱ ነፃ ነው፦ ጀሪካኑን አውርዳችሁ መሬት ላይ አስቀምጡ። የማደያው አፍ የጀሪካኑን አፍ እንደነካ ይቆይ። ቀስ ብሎ ይቀዳ። በጀሪካን መቅዳት የሚከለከልበት ጊዜና ቦታ ስላለም መጀመሪያ ጠይቁ፣ ከቀጂው ጋር አትጣሉ።

አሁን የማልቀልድበት አንድ ነገር አለ። "ባዶ ነው፣ ምንም የለውም።"

ባዶው ከሙሉው ይብሳል። ሙሉ ሲሆን ውስጡ አብዛኛው ፈሳሽ ነው። ሲጎድል አየርና ተን እንደ ልብ ይቀላቀላሉ። በአየሩ ውስጥ ከመቶ እጅ አንድ ተኩል ያህል የቤንዚን ተን ካለ ለመንደድ ይበቃዋል። አንድ የማውቀው ብየዳ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ቀዳዳ ያለው የሞተር ሳይክል ሰልባትዮ ሊበይድ ተነሳ። "በሳሙና አጥቤዋለሁ፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አድሯል" አለ። ብልጭታው እንደነካው ሰልባትዮው ከመሬት ተነስቶ የቆርቆሮውን አጥር መታው። ልጁ ቅንድቡን አጣ፣ ቀኝ እጁ ተቃጠለ። ዳነ፣ ግን እስከ ዛሬ ያ እጅ ብርድ አይወድም። ቤንዚን በያዘው ዕቃ ስፌትና ዝገት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፣ ሙቀት ሲያገኝ ይወጣል። ጀሪካን ከተቀደደ አይበየድም። ይጣላል። "ቆርቆሮው ገና ደህና ነው" አትበሉኝ።

በአፍ ስቦ መቅዳትና ከዋጡ በኋላ ወተት መጠጣትም አለ። ሁለቱም ይቅሩ። ነዳጅ የዋጠ ሰው ትልቁ አደጋው ሆዱ አይደለም፣ ሳንባው ነው። ወተት አጠጥታችሁ ወይ ጣት አስገብታችሁ ስታስመልሱት ነዳጁ ተመልሶ ሲወጣ ወደ ሳንባ ይገባል። አታስመልሱ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ደህና ነኝ ቢልም። የእጅ ፓምፕ ግዙ።

በነጠላ ማጥለል ቆሻሻውን እንጂ ውሃውን አያስቀርም። የነዳጅ እሳት ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን ማስፋት ነው፤ የዱቄት ማጥፊያ ይኑራችሁ፣ ከጀሪካኑ ሥር ሳይሆን ከወንበራችሁ አጠገብ። ቤንዚን ከወራት በላይ ተቀምጦ እንደ ጠጅ አይጣፍጥም።

ያ ደንበኛ ምን ሆነ? ለአንድ ሰዓት ተከራከረኝ። በመጨረሻ ቢጫዎቹን ግቢዬ ውስጥ ጥላ ሥር አስቀረሁና ሁለት የብረት ጀሪካን አዋስኩት። አንዷ "ቤ"፣ አንዷ "ና"። አሥራ ዘጠኝ አሥራ ዘጠኝ ሊትር ሞልተን ጣራው መሐል ላይ አሰርናቸው። "ሁለት ሊትር አስቀረህብኝ" እያለ ሄደ። ሐሙስ ዕለት ደወለልኝ። ሄዶ ተመልሷል። "ና" የምትለዋን ጭራሽ አልከፈታትም።

ጀሪካኖቼን ግን ገና አልመለሰም።