በታሚል የሚናገሩ የውጭ ፊልሞች፦ የሚባለውና እውነታው

በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ፣ የቆዩ የሆሊውድ ፊልሞች በታሚል ድምፅ ተተርጉመው ዛሬም ይታያሉ። እኔ ይህን ሥራ ከልቤ ነው የምወደው። ስለሱ የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም።

«ትርጉም ፊልም እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው ነው»

እንግሊዝኛ የሚችሉ ብዙ ታሚሎችም ወደው ያዩታል። ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ ማንበብ ዓይንን ከምስሉ ላይ ይነጥቃል። ደግሞም አያትና የልጅ ልጅ እኩል የሚስቁት ሁለቱም በሚሰሙት ቋንቋ ነው።

«ቃል በቃል መገልበጥ ነው»

እንደዚያ ቢሆን ማን ያየው ነበር? ታሚል እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያደርጋል። እንግሊዝኛው ቀድሞ የተናገረውን ታሚሉ እስከ መጨረሻ ያቆየዋል። ስለዚህ ጸሐፊው ንግግሩን አፍርሶ እንደገና ይሠራዋል። ተዋናዩ ከንፈሩን ሲገጥም «ም» ወይም «ፕ» ያለበት ቃል እዚያው ላይ ቢወድቅለት ደስ ይለዋል። በዚያ ላይ የመጽሐፍ ታሚልና የሰፈር ታሚል በጣም ይራራቃሉ። ማን በየትኛው ይናገር? ቀልድ ደግሞ ተተርጉሞ ካላሳቀ ሌላ ቀልድ ይፈጠርለታል። በፈረንጆቹ 2019 የወጣውን የሆሊውድ ፊልም «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» በታሚል የጻፈው ታዋቂው ዳይሬክተር ኤ.አር. ሙሩጋዶስ ነው። ሥራው ቀላል ቢሆን እሱን ባልጠሩት ነበር።

«ከሆሊውድ ጋር የመጣ ነገር ነው»

ገና በፈረንጆቹ 1944 የፊልም አዘጋጁ ኤ.ቪ. ሜይያፓን «ሃሪሽቻንድራ» የተባለውን፣ ካነዳ በሚባል ሌላ የደቡብ ህንድ ቋንቋ የተሠራ ፊልም በታሚል ድምፅ አስተርጉሞ አሳይቷል።

«የሌላ ሰው ድምፅ ተመልካቹን ይረብሸዋል»

የታሚል ተመልካች ይህን ከራሱ ሲኒማ ለምዶታል። እንደ ሲምራንና ጆቲካ ያሉ ዝነኛ ተዋናዮች በብዙ ፊልሞቻቸው የሚሰማው ድምፅ የድምፅ ባለሙያዋ የሳቪታ ሬዲ ነው። ሰዉ ፊቱንም ድምፁንም አንድ ላይ ወደደ።

«ድምፁን ማንም ቢሰጠው ያው ነው»

ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል፤ የባለሙያውን ልፋት ድራሹን ያጠፋዋል። በዚያው «ኤንድጌም» የፊልሙን ጀግና የአይረን ማንን ድምፅ ለተወዳጁ ተዋናይ ለቪጃይ ሴቱፓቲ ሰጡት። ብዙ አድናቂዎች ግን ከፋቸው፤ የለመዱትን የቀድሞውን ድምፅ ፈለጉ። የቃናን ድራማዎች በአማርኛ የተከታተለ ሰው ይህ ስሜት አይጠፋውም። ጆሮ የወደደውን በቀላሉ አይለቅም።

የ1994ቱ «ላየን ኪንግ» በታሚል ሲተረጎም ያደገው አንበሳ ሲምባ በተዋናይ አርቪንድ ስዋሚ ድምፅ ተናገረ። ፊልሙ በ2019 እንደ አዲስ ሲሠራ አርቪንድ ስዋሚ ተመልሶ መጣ። አሁን ግን «ስካር» ለተባለው ለሲምባ ክፉ አጎት ድምፅ ሆኖ። በልጅነቱ ያንን ሲምባ የሰማ አባት፣ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ያንኑ ድምፅ ከአጎትየው አፍ ሰማው።