በአነስተኛ በጀት የባንድ ክሊፕ መሥራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከፒያሳ እስከ ለገሃር ባለው የከተማችን እምብርት፣ ያለ አሳታሚ በራሳቸው ወጪ የሚሠሩ ባንዶች አዲስ ዘፈን በቀረፁ ቁጥር ክሊፑን በምን እንደሚሠሩት ይጨነቃሉ። እንዲህ ላሉ ባንዶች ስቀርፅና ኤዲት ሳደርግ ደጋግሜ ያየሁት፣ ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ ያለችው ገንዘብ ያለ ቦታዋ መውጣቷ ሥራውን እንደሚጎዳው ነው። ለዚህም በሙያው ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉ ጥቂት እምነቶች ትልቅ ድርሻ አላቸው።

«ጥሩ ካሜራ ካልተከራየን ክሊፕ አይመስልም»

በጀቱን ገና ከመነሻው የሚያሟጥጠው እምነት ይህ ነው። ክሊፑ በስልክ ላይ ሲታይ በውድና በመካከለኛ ካሜራ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ይጠባል፤ በመልካምና በመጥፎ ብርሃን መካከል ያለው ልዩነት ግን አይጠብም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ የበጋ ቀትር ፀሐይዋ ከፍ ብላ የዘፋኙን ዓይኖች በጥላ ትሸፍናለች፤ ይህን ጥላ የትኛውም የኪራይ ካሜራ አያነሣውም። ፀሐይ በእኛ አገር ቀጥ ብላ ስለምትወጣና ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ፣ ለስላሳው የጠዋትና የማታ ብርሃን አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ነው። ስለዚህ ባንዱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተሰናድቶ ቦታው ላይ ካልተገኘ፣ «ጠዋት እንቀርፃለን» ማለት ከንቱ ነው።

ቀትር ላይ መቅረፅ ግዴታ ከሆነ ደግሞ መላ አለው። ከመርካቶ የተገዛ ጥቂት ሜትር አቡጀዲ በሁለት እንጨት ተወጥሮ ከዘፋኙ በላይ ሲያዝ፣ የፀሐይዋን ጭካኔ አለዝቦ ፊቱን በእኩል ያበራዋል። ከቀትር በፊትና በኋላ ያሉትን ሰዓታት በተመለከተ፣ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ በመሆኑ፣ ረፋዱ ላይ በምሥራቅ በኩል ያለው የእግረኛ መንገድ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የምዕራቡ፣ በሕንፃዎቹ ጥላ ሥር ይሆናል። ባንዱ በጥላው ውስጥ ሲቆም ፀሐይ ያረፈበት የማዶው ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ ይልክለታል፤ ያለ ኪራይ የተገኘ ትልቅ ሪፍሌክተር ማለት ነው። «ክረምት ነውና እስከ መስከረም እንቆይ» የሚሉትም ቢሆኑ ተሳስተዋል፤ ሰማዩን የሸፈነው ደመና ራሱ ከአቡጀዲ ሁሉ የሚበልጥ አቡጀዲ ነውና፣ ለመሣሪያዎቹ ጃንጥላና ፕላስቲክ ማዘጋጀት ይበቃል።

«የምንጫወትበት ቤት የራሱ መብራት አለው»

ከዓመታት በፊት ካዛንቺስ አካባቢ በነበረ አንድ የሙዚቃ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ቀርፀን ስናበቃ፣ በማግስቱ ኮምፒውተር ላይ የከፈትነው ምስል በሙሉ በሚንሸራተቱ ጥቋቁር መስመሮች የተሞላ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ በመሆኑ ብዙዎቹ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ፤ ዓይናችን ይህን ባያስተውለውም፣ ሹተሩ (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) በ1/60 ሴኮንድ የተተወ ካሜራ ግን ይመዘግበዋል። በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲቀረፅ ሹተሩን 1/50፣ በ50 ፍሬም ሲቀረፅ ደግሞ 1/100 ማድረግ አብዛኛውን ችግር ያስወግዳል። ርካሽ የኤልኢዲ ጌጥ መብራቶችና በዲመር (በብርሃን መቀነሻ) የደበዘዙ አምፖሎች ግን በዚህም አይታረሙምና፣ አስቀድሞ ግማሽ ደቂቃ ቀርፆ ማየት፣ ካልሆነም መብራቶቹን ማጥፋት ያስፈልጋል።

«ታሪክና ሞዴል የሌለው ክሊፕ ባዶ ነው»

ፍቅረኛሞች የሚጣሉበትና የሚታረቁበት ክሊፕ ለብቸኛ ዘፋኝ ሊስማማ ይችላል። አምስትና ስድስት ሙዚቀኞች ላሉት ባንድ ግን ይህ ሙዚቀኞቹን ከገዛ ሥራቸው ማስወጣት ነው፤ በዚያ ላይ ልብስ፣ ሜካፕ፣ የሰው ቤትና መኪና ስለሚጠይቅ በጀቱን ይበላዋል። አዝማሪ ቤት የሚገባ ሰው ከማሲንቆ ተጫዋቹ ፊት ለፊት ተጠጋግቶ የሚቀመጠው ጣቶቹን፣ ፊቱንና ዓይኑን ለማየት ጭምር ነው። የክራር ተጫዋች አውራ ጣት፣ የሳክስፎን ተጫዋች ትንፋሽ ከመሳቡ በፊት የሚያሳያት ቅጽበት፣ ባሲስቱና ድራመሩ የሚጠቃቀሱበት አፍታ፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ክፍያ የተገኙ ትዕይንቶች ናቸው።

«ፕሌይባክ ላይ ከንፈር ማንቀሳቀስ ይበቃል»

ፕሌይባክ፣ ማለትም ቀድሞ የተቀዳውን ዘፈን በማጉያ ለቅቆ ከንፈርን ብቻ ማንቀሳቀስ፣ አይበቃም። በሹክሹክታ የሚዘፍን ሰው የአንገቱ ሥር አይገተርም፣ ደረቱም አይነሣም፤ ተመልካችም ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ ሐሰቱን ያውቀዋል። ዘፋኙ ድምፁን አውጥቶ ሊዘፍን፣ ድራመሩም ከልቡ ሊመታ ይገባል፤ ፕሌይባኩን እንዳይውጠው የድራሙ ቆዳና ጸናጽሉ በጨርቅ ይታፈናሉ። በቀረፃው ላይ በማጉያ የሚለቀቀውም ዘፈን ያለቀለት ቅጂ መሆን አለበት። ባንዱ ከቀረፃ በኋላ አንድ አዝማች ልጨምር ካለ የቀኑ ልፋት ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

የድምፅ ማጉያው ቦታም ቀላል ነገር አይደለም። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ማጉያው ከባንዱ 34 ሜትር ቢርቅ ዘፈኑ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሳቸዋል፤ ይህ በ25 ፍሬም ሲሰላ ሁለት ፍሬም ተኩል ይሆናል፣ ከንፈርና ቃል መለያየታቸውን ለማስታወቅም ይበቃል። ስለዚህ ሰፊ ሜዳ ላይ ሲቀረፅ ማጉያው ከምስሉ ውጪ ሆኖ ከባንዱ እግር ሥር ይቀመጥ። በስልክ የሚቀርፁ ሰዎች ሌላም መዘዝ አለባቸው፤ ስልክ የፍሬሙን ፍጥነት በየጊዜው ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ ዘፈኑ ሲጀምር የገጠመው ከንፈር መሀል ላይ ይስታል። መድኃኒቱ ፍጥነቱን በአንድ ቁጥር የሚያስር መተግበሪያ መጠቀም ነው። በዝግታ እየተንቀሳቀሰ ከንፈሩ የሚገጥም ዘፋኝ ማሳየት የፈለገ ደግሞ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ለቅቆ በ50 ፍሬም ይቀርፅና በ25 ያጫውተዋል። ወጪ የለውም፤ ዘፋኙ ግን ፈጣኑን ዘፈን ከቀረፃው በፊት መለማመድ አለበት።

«በየምቱ መቁረጥ ክሊፑን ያሞቀዋል»

ይህ ለአራት ምት ዘፈን ከተሠሩ የውጭ ክሊፖች የተቀዳ ልማድ ነው። ችክችካ የሚባለው የእኛ ምት ግን ስድስት ስምንተኛ፣ ማለትም በስድስት ትንንሽ ምቶች የሚቆጠር ነው፤ ጆሮ የሚይዘው ሦስት ሦስት ሆነው የሚመጡትን ሁለት ትልልቅ ምቶች ነው። ኤዲተሩ እያንዳንዷን ትንሽ ምት እያሳደደ ከቆረጠ ምስሉ ይርገበገባል፣ ጭፈራውም ይጠፋል። እስክስታ የሚወርድ ትከሻ ዙሩን ሳይጨርስ ከተቆረጠ ምንም አልታየም። እኔ አንድ ሙሉ የሙዚቃ ሐረግ ሳይቆረጥ እንዲያልፍ መተውን እመርጣለሁ።

«ከላይ በድሮን ካልታየ አያምርም»

ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሣት ክልክል ነው፤ በተለይ በመሀል ከተማ። ከታች የሚቀረፀውም ቢሆን፣ ድራምና ትራይፖድ ይዞ አደባባይ ላይ የቆመ ቡድን በጥበቃ ወይም በፖሊስ መጠየቁ አይቀርምና፣ የፈቃድ ደብዳቤ መያዝ ግማሽ ቀን ያተርፋል።

«የድሮ ዘፈን ነው፤ ስማቸውን ከጻፍን ይበቃል»

ብዙ ባንዶች የመጀመሪያ ክሊፓቸውን የሚሠሩት በታወቀ የጥንት ዘፈን ነውና ጉዳዩ ጥንቃቄ ይሻል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው፤ መብቱም ሥራው ባይመዘገብ እንኳ ይኖራል። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች «የጥንት» ቢባሉም፣ ደራሲው ካረፈ 50 ዓመት ካልሞላው ዘፈኑ ዛሬም ባለቤት አለው። ግጥሙና ዜማው የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉና የሁለቱንም ወገን ስምምነት በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። ምስጋና መጻፍ ፈቃድን አይተካም፤ ዩቲዩብም ተመሳሳዩን ድምፅ በራሱ ለይቶ ገቢውን ለባለመብቱ ሊያዞር ወይም ክሊፑን ሊያግደው ይችላል።

«ላፕቶፕ ላይ ስለገለበጥነው የካሜራውን ካርድ እናጥፋው»

በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርፅ ካሜራ ለአራት ደቂቃ ዘፈን 3 ጊጋባይት ይወስዳል፤ 20 ጊዜ ቢደገም 60 ጊጋባይት ነው። ለዚህ የሚሆን ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ከምሳና ከታክሲ ሒሳብ ጋር በበጀቱ ውስጥ ይግባ። ቅጂው በሁለት ቦታ ተቀምጦ፣ ከየሁለቱም ላይ ጥቂት ምስል ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ ካርዱ አይነካ።