ግራና ቀኝ ተመሳስለው የሚወጡ የቆዳና የጥርስ ምልክቶች፦ አዳማና አካባቢዋ

በአዳማ፣ በወንጂና በአካባቢው ያደገ ሰው የፊት ጥርሱ ቡናማ ከሆነ፣ ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚገኘው። በቀኙ ጥርስ ላይ ያለው መስመር በግራው አቻ ላይም በዚያው ቁመት ይታያል። አቻ ጥርሶች ድድ ውስጥ ሆነው የሚጠነክሩት በተመሳሳይ ወራት ነውና፣ በእነዚያ ወራት ሕፃኑ የጠጣው ውኃ ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስን የሚያዥጎረጉር ማዕድን) ከበዛበት ደም ለሁለቱም እኩል ያደርሰዋል። የተበላ ጥርስ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም፤ ምግብ የሚሸጎጥበትን ቦታ ይዞ ይጀምራል፣ አቻውን ጤነኛ አድርጎ ሊተወው ይችላል።

የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠፈሮች ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች ነበሩ። ያንን ለዓመታት በጠጡ ሠራተኞች ላይ ከጥርስ አልፎ የአጥንት ፍሎሮሲስ (ከፍሎራይድ ብዛት የሚመጣ የአጥንት ጉዳት) ታይቷል፦ አንገትና ወገብ ይደርቃል፣ ወደ ጎን ለማየት ትከሻም አብሮ መዞር አለበት። አዳማ ዛሬ በዋናነት የምትጠጣው ከአዋሽ ወንዝ ተስቦ የተጣራ ውኃ ነው። የጉድጓድ ውኃ በሚጠጣበት ቤት ግን ሁለት ስሕተቶች አልጠፉም። አንዱ ማፍላት ነው፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፣ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ላይ መጠኑ ይጨምራል። ሌላው ቡናማውን በከሰል ወይም በሎሚ መፈተግ ነው። ቀለሙ ጥርሱ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ተፈትጎ የሚያልቀው ሽፋኑ ራሱ ነው። ከ8 ዓመት ዕድሜ ገደማ በኋላ የሚጠጣ ውኃ የፊት ጥርስን አያዥጎረጉርም፤ በመጀመሪያ ውኃ ሊቀየርላቸው የሚገባው ትንንሾቹ ናቸው።

ቆዳ ላይም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ግራና ቀኝ ተመሳስሎ የወጣ ምልክት ምንጩ ወይ በደም የሚዞር ነው፣ ወይ ሁለቱንም ጎን እኩል የነካ ነው። በአንድ ጎን የቀረ ደግሞ የአንድ ነርቭ፣ የአንድ ንክሻ ወይም የአንድ ልማድ ጉዳይ ይሆናል። አልማዝ ባለጭራን እንውሰድ፦ ነርቭ ሥር ለዓመታት የተኛው የጉድፍ ቫይረስ ሲነሣ የዚያን ነርቭ መስመር ተከትሎ ውኃ ይቋጥራል፣ ደረት ላይ ከሆነም መሐል አጥንቱ ጋ ሲደርስ በቢላ እንደተቆረጠ ይቆማል። ሁለቱንም ጎን ከያዘ ወይም መላ ሰውነት ላይ ከተበተነ የመከላከል አቅም ወርዶ ሊሆን ይችላልና የኤችአይቪ ምርመራ አይታለፍም። የጅቡቲን መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌርም ግራ ክንዱና ግራ ጉንጩ ከቀኙ ጠቁሮ ቢገኝ አይገርምም። በሽታ ሳይሆን የመስኮት ፀሐይ ነው።

ሁለቱንም ጎን ከሚይዙት ውስጥ በግማሽ ልብ የሚታከመው እከክ ነው። ሴቷ ተባይ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ናት፤ ቆዳ ውስጥ ዋሻ ፈልፍላ እንቁላል ትጥላለች። የሁለቱም እጆች ጣቶች መሐል፣ አንጓ፣ ብብት፣ ወገብ፣ የእምብርት ዙሪያ፣ የጡት ጫፍና የወንድ ብልት ዋና ቦታዎቿ ሲሆኑ፣ ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል። መጀመሪያ የተያዘ ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ምንም ሳያሳክከው ሊቆይ ይችላል። አንድ ፍራሽ ከሚጋሩት መካከል «እኔ ደህና ነኝ» ያለው ሳይታከም የሚቀረውና ሌሎቹን መልሶ የሚያስይዘውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ሌሊት ይቀባል።

5 በመቶ ፐርሜትሪን የተባለው የእከክ ቅባት ከአንገት እስከ እግር ጣት ጫፍ፣ ጥፍር ሥርና እምብርት ሳይዘለሉ ይቀባል፤ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ራስ ቅልም ይጨመራል። ቅባቱ ከ8 እስከ 14 ሰዓታት መቆየት አለበት፦ ማታ 2 ሰዓት ተቀብቶ ጠዋት 12 ሰዓት መታጠብ ይበቃል። ከ7 ቀን በኋላ ይደገማል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው እጅ ላይ ነው፤ ከተቀቡ በኋላ ሕፃን ያጠበች ወይም ሊጥ ያቦካች እናት መድኃኒቱን ከጣቶቿ መሐል አጥባ ጥላዋለችና እጇን እንደገና መቀባት ይኖርባታል። ልብስና አንሶላ በ60 ዲግሪ ውኃ ይታጠባል፤ ያ ካልተቻለ በፌስታል ታስሮ ቢያንስ 3 ቀን ይቀመጣል፣ ከሰው ቆዳ የራቀች ተባይ ብዙ አትኖርም። ተባዩ ሞቶም ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። «አልለቀቀኝም» ብሎ በየቀኑ መቀባት ቆዳውን ያቆስላል እንጂ አይረዳም።

ለምጽና ሥጋ ደዌ በሰፈር ወሬ ዛሬም ይምታታሉ። ለምጽ ወተት የመሰለ ነጭ ነው፣ በሁለቱም እጆች፣ በዓይንና በአፍ ዙሪያ ተመሳስሎ ይወጣል፣ አይተላለፍም፣ ስሜቱም ሙሉ ነው። (በአንድ ጎን ብቻ የሚወጣ ዓይነትም አለው፤ ቶሎ ተስፋፍቶ ቶሎ ይቆማል።) የሥጋ ደዌ ንጣፍ ግን ፈዘዝ ወይም ቀላ ይላል እንጂ ወተት አይሆንም፣ ብዙውን ጊዜም ይደነዝዛል። ምርመራው ጥጥ ብቻ ይፈልጋል፦ ጫፉ በጣት ቀጥኖ ይሾላል፣ ታካሚው መጀመሪያ ዓይኑን ገልጦ ይለማመዳል፣ ከዚያ ጨፍኖ የተነካበትን በጣቱ ያመለክታል። ንጣፉ ላይ ሲነካ ዝም ካለ ምልክት ነው። ከ1 እስከ 5 ንጣፍ ያለው 6 ወር፣ ከ5 በላይ ያለው 12 ወር ይታከማል፤ መድኃኒቱ በነፃ ነው። እዚህ መመሳሰል ጥሩ ዜና አይደለም፦ ንጣፎቹ በዝተው ግራና ቀኝ ሲመጣጠኑ ባክቴሪያው በዝቷል ማለት ነው።

መዳፍና የውስጥ እግር ላይ የማያሳክክ መዳብ መሳይ ሽፍታ ሲወጣ የቂጥኝ የደም ምርመራ ይታዘዛል። በሁለቱ እግሮች ጀርባ ላይ የሸበጥን ማሰሪያ ቅርጽ ይዞ የሚያሳክክ ሽፍታ የጎማ አለርጂ ነው። ማድያት በሁለቱም ጉንጮች ላይ ቢራቢሮ መስሎ የሚወጣው በእርግዝና፣ በወሊድ መከላከያ ክኒንና በፀሐይ ነው፤ በአዳማ ፀሐይ ባርኔጣና ጥላ ሳይዙ በሚያነጣ ቅባት ብቻ መታገል ገንዘብ ማባከን ነው።

ሕጉን የሚያፈርስ አንድ ፈንገስ አለ፦ ሁለት እግርና አንድ እጅ ይይዛል። ከእግር የሚጀምረውን፣ እግሩን የሚያክከው እጅ ወደ ራሱ ይወስደዋል፤ ሌላኛው መዳፍ ንጹሕ ይቀራል። መዳፉን ብቻ ያየ ሰው ችፌ ነው ብሎ ቤታሜታሶን የተባለውን የስቴሮይድ ቅባት ይሰጣል፣ መቅላቱ ለሳምንት ይበርዳል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል። የአንድ እጅ መዳፍ ደርቆና ተልጦ የመጣ ሰው ሁለቱንም ጫማና ካልሲ ሳያወልቅ ቅባት ሊታዘዝለት አይገባም።