«እያዩ ነው የሚተዉት»፦ ስለ ወሲብ ነክ ይዘት ቁጥጥር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአንዲት ሴት የግል ቪዲዮ ያለ ፈቃዷ ከቴሌግራም ቻናል ወደ ቻናል መዞር ሲጀምር ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ብዙም አይለዋወጥም። አንዱ «ኩባንያዎቹ እያዩ ነው የሚተዉት» ይላል። ሌላው «ሁላችንም ሪፖርት እናድርግና ይዘጋ» ብሎ ያስተባብራል። ሦስተኛው «ማን ተቀረጪ አላት?» ብሎ ይፈርዳል። አራተኛው ተቆርቋሪ መስሎ «ይህን ጉድ እዩልኝ» እያለ ሊንኩን ያቀባብላል። አራቱም ስለ ቁጥጥሩ አሠራር የያዙት ግምት ስሕተት ነው፤ የአራተኛው ግን ስሕተት ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የወሲብ ይዘት በሁሉም መድረክ ክልክል ነው»

አይደለም። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ፖርኖግራፊን ይከለክላሉ። ሬዲት ለዐዋቂዎች ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት እስከተደረገበት ድረስ ያሳልፈዋል። ኤክስ ደግሞ ትዊተር ይባል በነበረበት ጊዜ ዝም ብሎ ሲያሳልፍ የኖረውን በ2024 በደንቡ ውስጥ በግልጽ አስፍሮታል፤ የሚታዩት ሰዎች ዐዋቂ ከሆኑ፣ የተሠራውም የተሠራጨውም በፈቃዳቸው ከሆነ፣ ምልክትም ከተደረገበት አይነካም። ስለዚህ በኤክስ ላይ «ይህ ነውር ነው» ብሎ ሪፖርት ያደረገ ሰው «ደንብ አልተጣሰም» የሚል መልስ ቢደርሰው አቤቱታውን ያነበበ የለም ማለት አይደለም። ነውርነት በዚያ ደንብ ውስጥ መመዘኛ ሆኖ አልገባም። ከላይ የጠቀስኳቸው መድረኮች ሁሉ በደንባቸው የሚስማሙባቸው ክልከላዎች ግን አሉ፤ ዋነኞቹም ሕፃናት ያሉበት ወሲባዊ ይዘትና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተሠራጨ የግል ምስል ናቸው።

«ክልከላው የሚመነጨው ከባለቤቶቹ ሥነ ምግባር ነው»

ከአፕል የመተግበሪያዎች መደብርና ከባንክ ካርድ ይመነጫል ቢባል ለእውነቱ ይቀርባል።

ታምብለር የዐዋቂ ይዘትን በነፃነት በማስተናገድ የታወቀ መድረክ ነበር። በኖቬምበር 2018 የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት ምስሎች ስለተገኙበት መተግበሪያው ከአፕል መደብር ወረደ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ ዲሴምበር 3 ቀን፣ ኩባንያው የዐዋቂ ይዘት በሙሉ ከዲሴምበር 17 ጀምሮ እንደሚከለከል አስታወቀ። ያሁ በ2013 በ1.1 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ይህ መድረክ በ2019 ሲሸጥ ዋጋው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በታች እንደነበር ተዘግቧል። እዚህ ያደረሰው ክልከላው ብቻ አይደለም፤ ቀድሞም እየተዳከመ ነበር። ሆኖም ክልከላው ብዙ ተጠቃሚዎችን ይዞበት ሄዷል። በ2022 እርቃንን መልሶ ሲፈቅድም ግልጽ የሆነ የወሲብ ድርጊትን እንደከለከለ ቀርቷል።

በዲሴምበር 2020 ፖርንሀብ በተባለው የወሲብ ቪዲዮ ድረ ገጽ ላይ የደረሰውም ተመሳሳይ ነው። ኒውዮርክ ታይምስ በድረ ገጹ ላይ የሕፃናትና የተደፈሩ ሰዎች ቪዲዮዎች እንዳሉ ካጋለጠ በኋላ ቪዛና ማስተርካርድ ክፍያ ማስተላለፍ አቆሙ፤ ኩባንያው ወዲያው ማንነታቸው ባልተረጋገጠ ሰዎች የተጫኑ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቪዲዮዎችን አነሣ። ተጎጂዎች ለዓመታት ሲለምኑት የኖሩት ነገር በቀናት ውስጥ ተፈጸመ። በኦገስት 2021 ደግሞ ተመልካቾች ለይዘት አቅራቢዎች የሚከፍሉበት ኦንሊፋንስ በባንኮች ጫና ምክንያት ግልጽ ወሲባዊ ይዘትን ሊከለክል መሆኑን ተናግሮ፣ ኑሯቸውን በእርሱ ላይ የመሠረቱ ሰዎች ሲጮኹ ሳምንት ሳይሞላ ውሳኔውን አጠፈ። የፖርንሀቡ ውጤት መልካም ነበር፤ ይሁን እንጂ ማንም ያልመረጣቸውና ማንም ይግባኝ የማይላቸው ሁለት የካርድ ድርጅቶች የዓለምን ጨዋነት ወሳኝ ሲሆኑ ማየት ለእኔ አይጥመኝም። በሚቀጥለው ጊዜ የሚከለክሉት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም።

«ማሽኑ ሁሉን ያያል፤ ያለፈው ነገር ያለፈው ሆን ተብሎ ነው»

ይህኛው ሥር የሰደደ ስለሆነ ረዘም አድርጎ መመለስ ያስፈልጋል። «ማሽን» የሚባለው አንድ ነገር አይደለም፤ ሥራቸው ፈጽሞ የተለያየ ሁለት ዘዴዎች አሉ።

የመጀመሪያው የሚታወቅን ምስል ይለያል። ማይክሮሶፍት በ2009 በዳርትመዝ ኮሌጅ ያስተምሩ ከነበሩት ከሃኒ ፋሪድ ጋር የሠራው ፎቶዲኤንኤ የዚህ ዓይነት ነው። ሕፃናት የተጠቁበት መሆኑ አስቀድሞ በሰው የተረጋገጠ ምስል ወደ ቁጥር ተለውጦ ዲጂታል አሻራ ይወጣለታል፤ አዲስ የሚጫነው ፎቶ ሁሉ ከአሻራዎቹ መዝገብ ጋር ይመሳከራል። የምስሉ መጠን ቢቀየር ወይም ጥቂት ቢነካካ እንኳ ይይዘዋል። የአሜሪካ ኩባንያዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኙ በአገሪቱ ለጠፉና ለብዝበዛ ለተዳረጉ ሕፃናት የተቋቋመውን ብሔራዊ ማዕከል የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለባቸው፤ ማዕከሉ በ2023 ብቻ ከ36 ሚሊዮን በላይ ጥቆማዎች ደርሰውታል። ዘዴው በሚያውቀው ነገር ላይ እጅግ ጠንካራ ነው። ትናንት ማታ የተቀረጸ ቪዲዮ ግን በመዝገቡ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ለዚህ ማሽን እንደማንኛውም የሠርግ ቪዲዮ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ የሚገምት ነው። በብዙ ምሳሌ የሠለጠነ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የገላ መጠንን፣ ቅርጽንና አቀማመጥን አይቶ «ይህ እርቃን ሊሆን ይችላል» ይላል። በኦክቶበር 2020 አንዲት ብራዚላዊት የጡት ካንሰር ምልክቶችን ለማስተማር በኢንስታግራም ላይ ስምንት ፎቶዎችን ለጠፈች። በአምስቱ የጡት ጫፍ ይታይ ነበር። ማሽኑ አነሣው፤ ለጤና ትምህርት የሚውል ምስል በኩባንያው ደንብ የተፈቀደ መሆኑን የሚያነብ ሰው በመሐል አልነበረም። ጉዳዩ የኢንስታግራም ባለቤት ከሆነው ከፌስቡክ ነፃ ሆኖ ወደሚሠራው የበላይ ተመልካች ቦርድ ሲደርስ ኩባንያው ልጥፉን መለሰ፤ ቦርዱም በጃንዋሪ 2021 ማንሣቱ ስሕተት እንደነበር ወሰነ።

ከዚህ የከፋም አለ። በ2021 መጀመሪያ በሳን ፍራንሲስኮ የሚኖር አንድ አባት የታመመ ሕፃን ልጁን ብልት ሐኪም እንዲያየው በስልኩ ፎቶ አነሣ። የጎግል ማሽን ፎቶውን የሕፃን ጥቃት ብሎ ፈረጀው፤ የሰውየው አካውንት ተዘጋ፤ ፖሊስም መረመረው። ፖሊስ ወንጀል እንዳልተፈጸመ ቢያረጋግጥም ጎግል አካውንቱን አልመለሰም። በውጭ አገር ሆናችሁ የልጆቻችሁን ፎቶ በስልክ ለሐኪም የምትልኩ ወላጆች ይህን ብታስታውሱ አይከፋም።

ስሕተቱ የማሽን ብቻም አይደለም። የብራዚል ባህል ሚኒስቴር በ2015 የአገሩን ነባር ሕዝብ የሆኑ ጥንዶች የሚያሳይ በ1909 የተነሣ ታሪካዊ ፎቶ ፌስቡክ ሲያነሣበት እከሳለሁ ብሎ ነው ያስመለሰው። የሴቲቱ ደረት አለመሸፈኑ ነበር ጥፋቱ። የደቡብ ኦሞ ሕዝቦችን ፎቶ የሚለጥፍ ኢትዮጵያዊም ያው ሊገጥመው ይችላል፤ ደንቡ የተጻፈው ደረትን መሸፈን ግዴታ እንደሆነ በሚያስብ አገር ነው።

ከሁሉም በላይ ፈቃድ በምስሉ ላይ አይታይም። ሁለት ዐዋቂዎች ወደው የሠሩትና ያሠራጩት ቪዲዮ እና አንዱ ሌላውን ለመበቀል የለቀቀው ቪዲዮ በማሽኑ ዓይን አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ ያለው ከምስሉ ውጭ ነው፦ ማን ለማን ላከው፣ ሥሩ ላይ ምን ተጻፈ፣ ስሟና ስልኳ ተያይዟል ወይ። ጽሑፉ በአማርኛ ሲሆን፣ ያውም በላቲን ፊደል የተጻፈ ወይም በቅኔ የተሸፈነ ከሆነ፣ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሠለጠነው ማሽን ፍንጩን ያጣዋል።

«ሺህ ሰው ሪፖርት ካደረገ ይወርዳል»

ፌስቡክ በሪፖርት ብዛት ይዘት እንደማያነሣ በግልጽ ጽፏል። አንድ ሪፖርት በቂ ነው፤ ሺሁም ደንብ ያልጣሰውን አያወርዱም። ቁም ነገሩ ትክክለኛውን ምድብ መምረጥ ነው። «የግል ምስሌ ያለ ፈቃዴ ተሠራጨ» የሚለውን ትቶ «አልወደድኩትም» የሚለውን የነካ ሰው ጥቆማውን ራሱ አዳክሞታል።

«የሚቆጣጠሩት ቋንቋችንን የማያውቁ ፈረንጆች ናቸው»

ለዓመታት የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ይዘት ይታይ የነበረው ናይሮቢ ውስጥ ነው። ፌስቡክ ሥራውን ሳማ ለተባለ ድርጅት በኮንትራት ሰጥቶ ነበር፤ ከሠራተኞቹም መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ቀኑን ሙሉ የሚያዩት መደፈርን፣ መታረድንና የሕፃናት ጥቃትን ነበር። ደቡብ አፍሪካዊው ዳንኤል ሞታውንግ በ2022 ጉዳዩን ለአደባባይ አውጥቶ ኬንያ ውስጥ የፌስቡክን ባለቤት ሜታንና ሳማን ከሰሰ። በ2023 ሳማ ይዘት የመቆጣጠር ሥራውን ሲያቆም ከ180 በላይ ሠራተኞች ሌላ ክስ መሠረቱ፤ በ2024 ማብቂያ ለፍርድ ቤት የቀረበው የሕክምና ማስረጃ ከ140 በላይ የሚሆኑት ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣ ከባድ የአእምሮ ጭንቀት እንዳለባቸው አሳይቷል። ሜታ «ኬንያ ውስጥ ልከሰስ አይገባም» ብሎ ነበር፤ የአገሪቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2024 ክርክሩን ውድቅ አደረገ። ፌስቡክ በአሜሪካ ለነበሩት ተመሳሳይ ሠራተኞች በ2020 52 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የናይሮቢዎቹ ችሎት ደጅ እየጠኑ ነው የከረሙት።

«ማን ተቀረጪ አላት?»

መቀረጽን መፍቀድ መሠራጨትን መፍቀድ አይደለም። ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ ሳይሆን የሜታም የሌሎችም ደንብ ነው። በሜይ 2025 የጸደቀው የአሜሪካ ሕግም ያንኑ ይላል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠሩ የሐሰት እርቃን ምስሎችን ጨምሮ፣ መድረኮች ተጎጂዋ ባመለከተች በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያስገድዳል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ «አንዴ ከወጣ አበቃለት» የሚል ተስፋ መቁረጥ አለ። ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ ስቶፕኤንሲአይአይ የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ዕድሜዋ 18 የሞላ ሰው ምስሉን ከስልኳ ላይ ትመርጣለች፤ አሻራው እዚያው ስልኳ ላይ ይወጣል፤ ወደ ኩባንያዎቹ የሚሄደው አሻራው ብቻ ነው፤ ምስሉን ማንም አያየውም። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ሬዲትና ፖርንሀብ ከተሳታፊዎቹ መካከል ናቸው። ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት፣ ማስፈራሪያው ሲመጣ እንኳ መጠቀም ይቻላል። ከ18 ዓመት በታች ሆነው ለተቀረጹ ደግሞ ቴክኢትዳውን የሚባለው አገልግሎት ከ2023 ጀምሮ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ጉድለቱም ይታወቅ፦ ቪዲዮው ተቆርጦ ወይም ተለውጦ ከተጫነ ሊያመልጥ ይችላል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ መድረክም አይገደድበትም።

«ለማጋለጥ ነው ሼር ያደረግኩት»

ተጎጂው ሕፃን ከሆነ ዓላማው ምንም ይሁን ምን ማስተላለፍ ወንጀል ነው። የኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ምስል ማሠራጨት ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትንም ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣዋል። ለፖሊስ የሚሰጠው ሊንኩ፣ የአካውንቱ ስምና ያዩበት ሰዓት ነው፤ ቪዲዮውን አውርዶ «ማስረጃ» ብሎ ማስቀመጥ አይደለም።

«የተዘጋ ቡድን ነው፤ ማንም አያገኘንም»

የቴሌግራም ተራ ንግግሮችና ቡድኖች ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነባቸው፣ የተመሰጠሩ አይደሉም፤ እንዲያ የሚሠራው በተጠቃሚው ምርጫ የሚከፈተው «ምስጢራዊ ቻት» ብቻ ነው። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ በኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ተይዘው ከተመሠረቱባቸው ክሶች አንዱ የሕፃናት ጥቃት ምስሎችን ሥርጭት ይመለከታል። በቀጣዩ ወር ቴሌግራም ደንቡን የጣሱ ሰዎችን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት ለባለሥልጣናት እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ በዲሴምበር ደግሞ ለዓመታት ሲሸሸው ወደነበረው፣ የሕፃናት ጥቃት ምስሎችን ከኢንተርኔት ለማስነሣት ወደሚሠራው የብሪታንያው የኢንተርኔት ዎች ፋውንዴሽን የአሻራ መዝገብ ገባ።