«ይቅደሙ፣ ክሎድ»፤ «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ፣ ሴሲል»

በእኛ አገር የበር ላይ ሙግትን የማያውቅ የለም። ሁለት ተጋባዦች ደጃፍ ላይ ይገጣጠሙና «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በፍጹም አይሆንም!» ሲባባሉ ወጡ ይበርዳል። እንግሊዞች ለዚህ ነገር የራሳቸው አባባል አላቸው፤ አንዱ «ይቅደሙ፣ ክሎድ» ሲል ሌላው «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ፣ ሴሲል» ይላል። ትሕትናው በዝቶ ሥራው ሲቆም ይነገራል። ኳሷን «እሱ ያወጣታል» ብለው እየተያዩ ጎል የሚያስቆጥሩ ሁለት ተከላካዮችም በዚሁ ይተረባሉ። (እንግሊዝኛው አንተንና አንቱን አይለይም፤ አንቱታውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። በ«አንተ ቅደም» ቀልዱ ግማሹ ይጠፋል።)

አባባሉ የወጣው «ኢትማ» ከተባለው የቢቢሲ የሬዲዮ ቀልድ ነው። ስሙ ሲተነተን «ያ ሰውዬ ደግሞ መጣ» እንደ ማለት ነው። ሰውዬው ሂትለር ነው፤ ዴይሊ ኤክስፕረስ ጋዜጣ ስለ እርሱ ሲጽፍ ያወጣው ከነበረው ርዕስ የተወሰደ ነው። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1939 ተጀመረ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ጦርነቱ ተነሳ። ደራሲው ቴድ ካቫና፣ አዘጋጁ ፍራንሲስ ወርስሊ፣ ዋናው ተዋናይ የሊቨርፑሉ ተወላጅ ቶሚ ሃንድሊ ነበሩ። የቦምብ ድብደባው ሲበረታ ቡድኑ ዌልስ ውስጥ ወዳለችው ባንጎር ተዛወረ።

ክሎድና ሴሲል ከልክ በላይ ትሑት የሆኑ ሁለት ሠራተኞች ናቸው፤ ጃክ ትሬይንና ሆራስ ፐርሲቫል በድምፅ ተጫውተዋቸዋል። በሬዲዮ ፊት አይታይም። ስለዚህ ካቫና ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አጭር ቃል ሰጠው፦ በር ይከፈታል፣ ሰውዬው ቃሉን ይላል፣ በር ይዘጋል፣ ሌላው ይተካል። ጎረቤት አጥር ውጭ ሆኖ በሳሉ እንደሚታወቅ፣ አድማጭም ማን እንደገባ በቃሉ ያውቃል። ቃሉ በየሳምንቱ አለመለወጡ ስንፍና የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን ሥራው ሁሉ እዚያ ላይ ይመስለኛል። ሕዝቡ እየጠበቀ የሚስቀው የሚያውቀውን ነበር።

በ1949 መጀመሪያ ሃንድሊ ሲሞት ቢቢሲ በቦታው ማንንም አልተካም፤ ዝግጅቱ ከእርሱ ጋር አበቃ። ክሎድና ሴሲል ግን ቀድሞውኑ ከስቱዲዮው ወጥተው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የብሪታንያ አየር ኃይል አብራሪዎች ለጥቃት ተራ ሲይዙ በመገናኛ ሬዲዮ «ይቅደሙ፣ ክሎድ» ይባባሉ ነበር። እነሱም የሚሰሙት ድምፅ ብቻ ነበር።